የባህል ብዝኃነትና የውጭ ኢንቨስትመንት በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኢንቨስትመንት ወሬ ሲነሳ ጎንደር ውስጥ ሁለት ጎራ አይጠፋም። አንዱ «እኛ ጋ እኮ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቅማንቱም አብሮ የኖረበት አገር ነው፤ ባለሀብት ይህን ይወዳል» ይላል። ሌላው «ተው እባክህ! ባለሀብት የሚወደው መብራትና መንገድ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሁለቱም ወገን የሚመጡ ናቸው።

የባህል ብዝኃነት የውጭ ባለሀብት ይስባል ወይስ ያርቃል?

ብቻውን አይስብም። ብቻውንም አያርቅም። መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። በእንግዳውና በአገሬው መካከል ቆሞ የሚያግባባ፣ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው አለ ወይ? ሰው ሲጣላስ ነገሩ የሚያልቅበት ደንበኛ መንገድ አለ ወይ? ብዙ ባህል ያለበት ከተማ አግባቢ ሰው አያጣም። ጠብ የሚበርድበት መንገድ ከሌለ ግን አግባቢው ብቻውን ምንም አያደርግም።

እንግዳ ባለሀብት አዲስ አገር ሲገባ ትልቁ ችግሩ ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡንማ ይዞ ነው የመጣው። የሚቸግረው ማንን ማመን እንዳለበት አለማወቁ ነው። ይህ መሬት በእርግጥ ነፃ ነው? ይህ አቅራቢ ቃሉን ይጠብቃል? ቀበሌው የነገረኝና ከተማ አስተዳደሩ የነገረኝ ለምን ተለያየ? ቋንቋውንም ልማዱንም የሚያውቅ የራሱ ሰው ካለው መልሱን በቀላሉ ያገኛል። ከሌለው የደላላ ሲሳይ ይሆናል።

ስዊድናውያኑ ጃን ዮሃንሰንና ጃን ኤሪክ ቫልኔ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የአገራቸው ኩባንያዎች ወደ ውጭ ሲወጡ መጀመሪያ የሚሄዱት በቋንቋ፣ በባህልና በአሠራር ወደሚቀርባቸው አገር ነው፤ ሩቅ ወደሚመስላቸው የሚሻገሩት ልምድ ካካበቱ በኋላ ነው አሉ። እንግዲህ ብዙ ዓይነት ሰው ያለበት ከተማ ለብዙ ዓይነት እንግዳ «ቅርብ» የመሆን ዕድል አለው ማለት ነው።

ጥናቶች ይህን ይደግፋሉ?

ገሚሱ ይደግፋል፣ ገሚሱ ይቃወማል። ጣሊያናውያኑ ጂያንማርኮ ኦታቪያኖና ጆቫኒ ፔሪ የአሜሪካ ከተሞችን ከ1970 እስከ 1990 አጥንተው፣ ከተለያየ አገር የመጣ ሰው በበዛበት ከተማ የነባሩ ነዋሪ ደመወዝም የቤት ኪራይም ከፍ ብሎ አግኝተውታል። በሌላ በኩል ዊሊያም ኢስተርሊና ሮስ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1997 አፍሪካን ሲያዩ፣ ብዙ ብሔረሰብ ያለባቸው አገሮች በመንገድ፣ በስልክና በትምህርት ወደኋላ ቀርተው፣ ዕድገታቸውም ዝግ ብሎ ነው ያገኙት። ሁሉም «ለእኔ ወገን ይቅደም» ሲል የጋራው ነገር ሳይሠራ ይቀራል።

ሁለቱ የተጋጩ ይመስላሉ እንጂ አልተጋጩም። ራሱ ኢስተርሊ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ሕግና ተቋም በሚሠራበት አገር የብዝኃነት ጉዳት በጣም እንደሚቀንስ ጽፏል። እኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል ባይ ነኝ።

ጎንደር ከዚህ ጋር ምን ያገናኛታል? በነገሥታቱ ዘመን ኢንቨስትመንት የሚባል ነገር ነበር እንዴ?

ስሙ አልነበረም፤ ነገሩ ግን ነበር። የፋሲል ግቢ ግንብ ራሱ ምስክር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የሕንድና የዐረብ ተጽዕኖ እንዳለበት፣ በኋላም ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ያመጡት ባሮክ የሚባል የአውሮፓ የግንባታ አሠራር እንደለወጠው ጠቅሷል። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች ደግሞ በከተማዋ ሥራ ላይ ዋና እጆች ነበሩ። ከአንድ ባህል ብቻ የወጣ ከተማ አይደለም።

ንግዱን ስናይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካገር አስወጥተዋል። የምፅዋና የሱአኪን የቱርክ ሹማምንት የካቶሊክ ቄሶችን እንዳያሳልፉም ተስማምተዋል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «ጎንደር በሯን ዘግታ ነበር» ይላል። የተዘጋው ግን አንድ በር ነው። በዚያው ዘመን ሖጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ የንጉሡን መልእክትና ስጦታ ይዞ ወደ ሕንድና ደቾች ወደ ያዟት ባታቪያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ይመላለስ ነበር። አርመናዊው ክርስቲያን ነው፤ የቱርክን፣ የፋርስንና የሕንድን ገበያ ያውቃል፤ ለሮም ግን አይገዛም። በሁሉም ወገን የሚታመን ሰው ይሉሃል ይሄ ነው።

አገር ውስጥ ደግሞ የሩቅ ንግዱ በሙስሊም ነጋዴዎች ትከሻ ላይ ነበር። ወደ ምፅዋም ወደ ስናርም የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ በየመንገዱ የሃይማኖት ወንድም አለው። ያድርበታል፣ ያበድረዋል፣ የገበያ ዋጋ ይነግረዋል። ነጋድራስነቱም ብዙ ጊዜ በእነርሱ እጅ ነበር።

ታዲያ አታሞካሹት የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወስኗል። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ሥሩ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ እስራኤልም እጃቸው እየተፈለገ መሬት ተነፍገዋል፣ «ቡዳ» እየተባሉ ተገፍተዋል። ከተማዋ በብዝኃነቷ ተጠቅማለች፤ ጥቅሙን ላመጡት ሰዎች ግን እኩል አልከፈለችም። የዛሬ ባለሥልጣን ስለ «አብሮ የመኖር እሴት» ለባለሀብት ሲናገር ይቺን ዘልሎ ነው የሚያልፈው።

ከሌላ አገር የሚጠቀስ ምሳሌ አለ?

ሞሪሽየስን እዩ። ትንሽ ደሴት ናት፤ የሕንድ፣ የአፍሪካ፣ የፈረንሳይና የቻይና ዝርያ ያለው ሕዝብ ይኖርባታል። ቻይናውያኑ ከመቶ ሦስት ቢሆኑ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ለወጪ ንግድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን የሚያበረታታ ሕግ ስታወጣ፣ የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች ገብተው ልብስ መስፋት ጀመሩ። መንገዱን በማመላከት እነዚያ ጥቂት የቻይና ዝርያ ያላቸው ዜጎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በእርግጥ ዝምድና ብቻ አላመጣቸውም። ከሆንግ ኮንግ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚላከው ልብስ በኮታ ተገድቦ ስለነበር ሌላ መውጫ ይፈልጉ ነበር። በኋላም ኩባንያዎች በሞሪሽየስ በኩል ወደ ሕንድ ኢንቨስት ማድረግ ጀመሩ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሁለቱ አገሮች የነበራቸው የግብር ስምምነትና የሕንድ ዝምድናው አብረው ሠሩ።

ጎንደር ውስጥስ የውጭ ገንዘብና የአካባቢው ነገር ተገናኝተው ያውቃሉ?

ሀገር ያወቀው ዳሽን ቢራ ነው። ፋብሪካው በ1992 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ ሥራ ጀመረ፤ ባለቤቱ «ጥረት» የተባለው የአማራ ክልል ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዱኤትና ቫሳሪ የተባሉ የውጭ ኢንቨስተሮች ተሻርከው ገቡ። ስሙን አልቀየሩትም። የራስ ዳሽንን ስም ትቶ የእንግሊዝ ስም የሚለጥፍ ሰው ጎንደር ላይ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ማስፋፊያውን ግን ደብረ ብርሃን ላይ ነው የሠሩት፤ ለአዲስ አበባ ገበያ ይቀርባላ። ስም በባህል ይመረጣል፤ ቦታ በመንገድና በገበያ ይመረጣል።

ሰሜን ተራራ ጫፍ ደባርቅ አጠገብ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ሌላው ነው። የአገር ልጅና የውጭ ሰው ተሻርከው ያቋቋሙት ነው። ቤቶቹ የተሠሩት ከተጠቀጠቀ አፈር ነው። እንግዳው ፎቶ የሚያነሳው ግድግዳ የአካባቢው ሰው በእጁ ደልድሎ ያቆመው ነው።

ሦስተኛው ሰሊጥ ነው። የመተማ፣ የቋራና የሁመራ ነጭ ሰሊጥ በምርት ገበያው «ሁመራ/ጎንደር» ተብሎ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው። ቻይናም እስራኤልም ይገዙታል። እስራኤል ውስጥ ጣሂና፣ ማለትም የተፈጨ የሰሊጥ ቅባት፣ ይሆናል። እዚያ ብዙ ሺህ ከጎንደር የሄደ ቤተ እስራኤል አለ፤ አማርኛውን ያልረሳ፣ ዕብራይስጡንም የሚያቀላጥፍ። ታዲያ በጥሬው ከመሸጥ እዚሁ ፈልፍሎ፣ ቆልቶ፣ ጨምቆ የሚልክ የጋራ ፋብሪካ የሚያቋቁም ከእነርሱ የተሻለ ማን አለ? እኔ ይህን ዕድል ሰው በደንብ ያየው አይመስለኝም። ጎንደር አጠገብ ያለችው የቀድሞዋ የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃ ለሸክላ ጉብኝት ብቻ የምትነሳ ስም ሆና ቀርታለች።

ጾሙና በዓሉ ሥራ አያስተጓጉልም? ባለሀብት ይህን ሲያይ አይሸሽም?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ከውጭ ሰው ሳይሆን ከራሳችን ሰው ነው። እውነት ነው፤ ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረመዳን አለ፤ ዓርብ ጁምዓ አለ። ጥር 10 ታቦት ወርዶ ጥር 11 ጥምቀት ሲከበር ከተማው ሌላ ዓለም ነው። ገጠር ደግሞ በወር 12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እያለ ማረሻ የማይነካ ሞልቷል።

ግን ይሄ ሁሉ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ባለሀብት የሚፈራው ያላሰበውን ነገር ነው። የሚታወቅ በዓል በፕሮግራም ይያዛል፤ ሳይነገር የጠፋ መብራት አይያዝም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሥራ ያቋርጣል፤ ሁሉም ለምዶታል።

ብዙ እንግዳ የሚወድቀው ትንሽ በሚመስል ነገር ነው። የሠራተኛ ምግብ ቤቱን ውሰዱ። 300 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ «ምሳ በነፃ» ብሎ ይከፍትና ወር ሳይሞላው ግማሹ ሠራተኛ ከቤቱ ምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ለምን? ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይበላም። ጿሚው ደግሞ ሽሮው የተሠራበት ድስት ትናንት ቅቤ እንደነካው ያውቃል። ለሥራ አስኪያጁ ችግሩን አይነግሩትም፤ ሰውየውን ላለማሳፈር ዝም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ለጾም የተለየ ማብሰያ፣ ለሁለቱ ሥጋ የተለየ ጓዳ፣ ካልሆነም ሥጋ ትቶ ጥሩ ሽሮና ምስር። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት የሚነግር አንድ የአገር ሰው ያለው ድርጅት ይተርፋል። ያ ሰው የሚከፈለው ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ግን በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

ደግሞም ነገሩ ገበያም ነው። የጾም ምግብ የሚሠራ፣ የሐላል እርድ አሟልቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥጋ የሚልክ፣ ሁለቱንም የሚያውቅ የሰው ኃይል እዚሁ አለ።

ግጭቱስ? ሰው የሚሸሸው በእሱ አይደለም?

ነው። ማድበስበስ አያስፈልግም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት በልቷል። ከዚያ በፊት በቅማንት የማንነትና የራስ አስተዳደር ጥያቄ ዙሪያ ብዙ ደም ፈስሷል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው። መተማ ማዶ ሱዳንም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ እየነደደች ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለሀብት ለምን አልመጣም ብሎ መደነቅ አይገባም።

ሆኖም «ብዙ ዓይነት ሰው ስላለን ነው» የሚለው ማብራሪያ አይዋጥልኝም። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ባሕር ዳር አካባቢ የሆላንዶች የአበባ እርሻ ሲቃጠል ጠቡ የሃይማኖት አልነበረም። ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ተነስቶ ነበር፤ እርሻው ደግሞ የመንግሥት ወዳጅ ተደርጎ ታየ። ባለሀብቱ መሬት የተረከበው ከቢሮ ነው፤ ጎረቤቱን ግን አያውቀውም። ቅሬታ ሲጠራቀም አጥሩን የሚጠብቅለት ጎረቤት አላገኘም።

ለዚህ ነው መሬት ላይ የሚሠራ ሁሉ የካሳውን ጉዳይ ለመንግሥት ብቻ መተው የሌለበት። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተነሺው ካሳ ከመክፈል በተጨማሪ መልሶ ማቋቋምንም ያዛል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሲፈጸም ባለሀብቱ ራሱ ይይ። ሽማግሌዎቹን፣ የደብሩን አለቃና የመስጊዱን ኢማም ገና ግንባታ ሳይጀመር ያግኛቸው። ችግር ከተፈጠረ በኋላ ሲሄዱባቸው ሽምግልናው ልመና ይሆናል።

የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ባህላችን አይበላሽም?

ሊበላሽ ይችላል። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ በየዓመቱ «ቪአይፒ መቀመጫ» የሚል ሐሳብ የሚያመጣ አይጠፋም። የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በሚከፈልበት ወንበር ቢሞላ ምእመኑ የት ይቁም? ጥምቀትን የሚያደምቀው እሱ ነው። እሱን አስወጥቶ እንግዳ ማስገባት የሚሸጠውን ዕቃ ራስ እንደማቃጠል ነው። በሌላ በኩል ሆቴል፣ አስጎብኚ፣ የሸማና የሸክላ ሥራ በውጭ ሽርክና ቢያድግ የሚጎዳ ነገር አይታየኝም። መለኪያዬ አንድ ነው፦ ሥራውን የሚሠራው ሰው ዋጋውን የመወሰን ድርሻ አለው ወይ?

እህት ከተሞች ይጠቅማሉ?

ከተጠቀምንባቸው። ጎንደር በአሜሪካ ከኮርቫሊስና ከሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በእስራኤል ከሪሾን ለጽዮን፣ በፈረንሳይ ከቫንሴን ጋር ወዳጅነት አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከእንግሊዙ ሌስተር ጋር የቆየ ትስስር አለው። ከንቲባ በተቀያየረ ቁጥር ፎቶ ተነስቶ ከሚለያይ ግን በየከተማው ያለው የጎንደር ልጅ ከየንግድ ምክር ቤቱ ጋር ቢገናኝ ይሻላል።

ለውጭ ባለሀብት ዝቅተኛው ካፒታል ስንት ነው?

በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ለአንድ ፕሮጀክት 200,000 ዶላር ነው። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተሻረከ 150,000 ዶላር ይበቃዋል። ለምሕንድስና፣ ለሥነ ሕንፃና ለመሳሰሉት የማማከር ሥራዎች ግማሽ ይሆናል፣ 100,000 ዶላር፤ በሽርክና ከሆነ 50,000። ሽርክናው ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው፤ ሕጉም የአገር ሰው አብሮ እንዲኖር ይፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለውጭ ሰው ዝግ የነበረው የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ተከፍቷል።

ዘመዴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። እንደ ውጭ ባለሀብት ነው የሚቆጠረው?

እንደ ምርጫው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ከፈለገ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠር ይችላል። ያኔ ዝቅተኛ የካፒታል ገደብ የለበትም፤ ለኢትዮጵያዊ ብቻ የተከለሉ ዘርፎችም ይከፈቱለታል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው፣ ያለ ቪዛ እንዲገባና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ያስችለዋል።

ነገር ግን ከመወሰኑ በፊት አንድ ነገር ይይ። ትርፍን በውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ የመላክ መብት በአዋጁ የተሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው። ዘመዳችሁ ገንዘቡን እዚሁ ሊያሠራው ካሰበ አገር ውስጥ ባለሀብት መሆኑ ያዋጣዋል። ልጆቹ እዚያ እየተማሩ፣ የቤት ብድር እዚያ እየከፈለ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ጎንደር መጥቶ ከወንድሙ ጋር በስሜት ከመፈራረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር።